ለዛሬ ስልሳ፣ ለነገ በነፃ

ሀናን አብዱራህማን ድምፅዋ ከማይሰማ የመካነ ሰላም ሴቶች አንዷ ነበረች። የሚወዷት «ጨዋ ናት» ይላሉ። የማይወዷት ደግሞ «ወፍጮው ይጮኽላታል፤ እሷ ምን አደከማት» ይላሉ። የአባቷን ወፍጮ ቤት ከተረከበች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ለብሳ ትውላለች። እህል ትመዝናለች፣ ተራ ታስይዛለች፣ ሰው ሲቀልድ ፈገግ ትላለች፣ ሰው ሲቆጣ ዓይኗን ወደ ሚዛኑ ትመልሳለች። እንዲህ ያለ ሰው ቂም ሲይዝ ጎረቤት እንኳ አያውቅበትም።

ቂሙን የያዘችው አባቷ ሸህ አብዱራህማን በተቀበሩ ቀን ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በነሀናን ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባውን የሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ገሚሱ መቃብር ይቆፍራል፣ ገሚሱ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ውሃና እንጨት ይዘው ወደ ሐዘኑ ቤት ይገባሉ። ከቀብር መልስ ሰዉ ሳይበተን ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል፤ መቅረት ልማድ የሆነበት ይሰረዛል። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው መኖሩን ይኖራል እንጂ የሚያነሣው የለውም።

የዚህን ቅሬ ጥሩንባ ለብዙ ዘመን የነፉት ጋሽ ታደለ ነበሩ። ኋላ አበጋዝ መጣ። አበጋዝ ከሀናን ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ከዚያ ኮምፒውተር አጥንቶ የተመለሰ ልጅ ነው። «ቅሬ በእጄ» የሚባል አፕ ሠርቶ ለቅሬው አቀረበ። ሰብሳቢው አቶ ዓባይነህ የሟቹን ስም አንድ ጊዜ ሲጽፉ የአባሉ ሁሉ ስልክ በአንድ አፍታ ይጮኻል፤ ሱቅ ያለውም፣ እርሻ ያለውም፣ ለገበያ ወረኢሉ የወረደውም እኩል ይሰማል። ሰዉ ወደደው። ጋሽ ታደለ ተመሰገኑ፣ ጋቢ ተሸለሙ፣ ጥሩንባቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

መጀመሪያ በነፃ ነበር። ቀጥሎ በወር አሥራ አምስት ብር ሆነ፤ ሰዉ አጉረምርሞ ከፈለ። የጥሩንባው ድምፅ ከተረሳ፣ ሕፃናቱም ከማያውቁት በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ስልሳ ሆኖ ተገኘ።

ወፍጮ ቤቱ የዚያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። እህል በጋሪ የሚያመላልሰው ሙሐመድኑር «እንግዲህ ለመሞትም ፓኬጅ ልንገዛ ነው» አለና ሰዉን አሳቀው። አብዛኛው ሰው «አልከፍልም» አለ። አበጋዝም አላስገደደም። «ያልከፈለ በነፃው ይቀጥላል፤ ማንም አይቀርበትም» አለ። ነፃው መልዕክቱን ግማሽ ቀን አዘግይቶ እንደሚያደርስ አልተናገረም። ጽፎታል፤ የጻፈው ግን ጣት ብዙ ሲወርድ በሚገኝ፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ ነው።

ሸህ አብዱራህማን ጎህ ሲቀድ አረፉ። ጀናዛ አይቆይም፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ መቀበር ነበረባቸው። አቶ ዓባይነህ ወዲያው ጻፉ። የከፈሉት ሰሙ። የከፈሉት ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ደሴ ነው፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ ለመምጣት ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ዶማ የሚይዘው ሰፈር ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሰላም ሥራውን ይሠራል። ፀሐይ ከፍ ሲል የሀናን አጎት ልጅ ተስፋ ቆርጦ ወደ መናኸሪያ ሄደና ሸክም የሚጠብቁ ጎረምሶች በቀን ሥራ ቀጥሮ መጣ። ለከተማው ሙታን ሁሉ ዶማ ያነሡት ሸህ አብዱራህማን መቃብር በቅጥር ተቆፈረ። ከጎረምሶቹ አንዱ ዶማ ሊቀበል በሩ ላይ ቆሞ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ሀናንን ጠየቃት።

«ሟቹ ማን ይባላሉ?»

ነገረችው።

ማታ፣ መቃብሩ ከተደፈነ በኋላ፣ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰዉ ጋቢውን እየጎተተ እየሮጠ መጣ። ትልልቅ ሰዎች በሩ ላይ ግንባራቸውን ይዘው አለቀሱ። «አልሰማንም ሀናን። ወላሂ አልሰማንም።» አክስቷ ከከላላ በበቅሎ የደረሱት በማግስቱ ነው፤ እሳቸውም ያንኑ አሉ።

አበጋዝም ለቅሶ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጽናናት።

«አብሽሪ ሀናን። ምን ይደረጋል፣ ስርዓቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው ቢከፍል ኖሮ በጊዜው ይሰማ ነበር። ለእናንተ ቤት ግን የሦስት ወሩን እኔ ራሴ በነፃ ከፍቼላችኋለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለችው።

እሱ ተነሥቶ ሲሄድ ግን ጀርባውን እያየች በልቧ ጨረሰችው። ይህን ነገር ከከተማው ስልክ ሁሉ እነቅለዋለሁ፤ ባለቤቱን ደግሞ ከቅሬው።

*

ሐዘኑ ሲወጣ ወፍጮውን ከፈተች። መጀመሪያ የመጡት ከከተማው ዳር የሚኖሩት እትዬ ብርሀንነሽ ናቸው፤ ስንዴ አምጥተዋል። ሀናን ስንዴውን አስገባችና እጇን ዘረጋች።

«ስልክዎን ያምጡልኝ እስቲ።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላጸዳልዎ።»

እትዬ ብርሀንነሽ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጧት። ሀናን በዱቄታም ጣቷ ነካ ነካ አደረገችና መለሰችላቸው። መስታወቱ ላይ ነጭ የጣት አሻራ ቀረ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ያ የአበጋዝ ጉድ?»

«እሱ።»

«እሰይ። ስልኩም ቀለል አለኝ መሰል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤት የገባ ሁሉ እህሉን ለሚዛኑ፣ ስልኩን ለሀናን መስጠት ጀመረ። ሀናን ስብከት አልሰበከችም። ሰው ስልሳ ብሩን ሲያማርር፣ አባቱን ወይ አክስቱን አንስቶ ሲበሳጭ ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ሲጨርስ እጇን ትዘረጋለች። ሰዉ በጋሪ መጥቶ በጋሪ ሲመለስ ወሬው ከከተማ ወጣ። ከገጠሩ ቀበሌ የሚመጡ ሰዎች እህላቸውን ሳያወርዱ ስልካቸውን ያወጡ ነበር። ሙሐመድኑርም ለነገሩ ስም አወጣለት። «ለዛሬ ስልሳ፣ ለነገ በነፃ» እያለ በገበያ መሐል ጋሪውን ሲነዳ ሰው መንገድ እየለቀቀ ይስቃል።

እምቢ ያለም አልጠፋም። የግብርና ባለሙያው አወቀ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ነበርና ተከራከረ።

«ሰው ሠርቶ ማደር የለበትም? ይሄ እኮ ቴክኖሎጂ ነው። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል።»

«ይብላ» አለ ሙሐመድኑር ማዳበሪያ እየተሸከመ። «ገንዘብ ይብላ። ሬሳችንን ምን ያስበላዋል?»

«እኔ የዓመቱን ከፍያለሁ፤ አላጠፋም።»

«እንግዲያማ ዓመቱን ሙሉ ሰው እንዲሞትልህ ጸልይ፤ ገንዘብህ እንዳይባክን።»

ሀናን ከሚዛኑ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ደስታው ግን ከፈገግታዋ ይበልጥ ነበር። ማታ ማታ ስትዘጋ የዕለቱን አሻራዎች በዓይነ ሕሊናዋ ትደረድራቸዋለች፤ እያንዳንዱ ነጭ አሻራ አበጋዝ ላይ የተጫነ አንድ ቁና አፈር ይመስላታል። እንደዚያ ስታስብ እንቅልፍ ቶሎ ይወስዳታል።

አበጋዝ መጀመሪያ ናቃቸው፣ ቀጥሎ ደነገጠ። ስልሳውን ወደ አርባ አወረደው። ይህ ሰዉን ያበርደዋል ብሎ ነበር፤ ሰዉ ግን ባሰበት። «ለካስ ይቀነስ ነበር» አለ። «ታዲያ ሲቆልለው የማንን ኪስ አይቶ ነው?» ሦስት ወር ለከፈለ አንድ ወር ምርቃት አለ፤ ማንም አልተመረቀም። ገንዘቡ ሲያጥረው በቀሩት ጥቂት ከፋዮች ላይ መልሶ ሰባ አደረገው። ያን ጊዜ አወቀም እየተሳበ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣና ስልኩን ሚዛኑ ላይ አኖረ። ሙሐመድኑር «መዝኚው ሀናን፣ ስንት ኪሎ ነው?» አላት።

*

የነገሩን መጨረሻ የፈሩት እትዬ ብዙዬ ብቻ ነበሩ። እትዬ ብዙዬ አጥር የሚጋሩ የነሀናን ጎረቤት ናቸው። የሀናን እናት በልጅነቷ ስትሞትባት፣ ለራሳቸው ልጆች የገዙትን ጫማ ለእሷም እየገዙ ያሳደጉ የክርስቲያን ሴት። ባላቸው ጋሽ ሞላ ደረታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። አንድ ቀን ገብስ ይዘው መጡና ተራቸውን ሲጠብቁ ከጎኗ ተቀመጡ።

«ስልኬን ላምጣ፣ ወይስ እኔን ትምሪኛለሽ?»

«እንደፈቃድዎ እትዬ።»

«እንኪ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄን ነቀልሽው፤ ጥሩንባውስ? አዲሱን ምሰሶ ሳያቆሙ አሮጌውን ማውጣት ቤት ያፈርሳል።»

«ጥሩንባው ይመለሳል።»

«መቼ?»

ሀናን ሚዛኑን አስተካከለች።

«አንቺ የምትፈልጊው ጥሩንባው እንዲመለስ ነው ወይስ ልጁ እንዲወድቅ?»

«ሁለቱንም።»

«ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢሉሽስ?»

ሀናን ተነሥታ የገብሱን ማዳበሪያ አነሣች። እትዬ ብዙዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የማዳላ እንዳይመስልሽ። አበጋዝ የሞላ የክርስትና ልጅ ነው፤ ይሄን ታውቂያለሽ። ወንድ ልጅ ስላልሰጠን ሞላ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። በደለሽ፤ አልበደለሽም አልልሽም። ግን እኔ ሁለታችሁንም አብልቻለሁ።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች ሀናን። ስልካቸውን አጽድታ መለሰችላቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አበጋዝ ራሱ መጣ። የእናቱን ጤፍ በባጃጅ ጭኖ፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ወሬውን አቋረጠ።

«ደህና ዋልሽ ሀናን።»

«ደህና።»

«ጤፍ ነው። ለዛሬ ይደርስልኛል?»

ሀናን ማዳበሪያውን አየችው፤ ሰልፉን አየችው። ከዚያ ሁሉም እየሰማት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች።

«ለዛሬ ለሚፈልግ ስልሳ ይጨመራል። ካልሆነ በነፃው ተወው፤ ነገ ማታ ይደርሳል።»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። አበጋዝ ፊቱ ቀላ።

«ይሄ ምን ይባላል አሁን?»

«ስርዓቱ ነው።»

«ሀናን፣ እኔ አባትሽን አልገደልኩም። ሥራ ነው የሠራሁት። ዕዳ አለብኝ፣ ቤት ኪራይ አለብኝ። ሁለት ዓመት በነፃ ሳገለግል ማን አመሰገነኝ? አሁን እንደ ሌባ ታስቆጥሪኛለሽ።»

«ተራህ ከእትዬ ብርሀንነሽ ቀጥሎ ነው» አለችው። «ትጠብቃለህ፣ ትተወዋለህ?»

ማዳበሪያውን መልሶ ባጃጁ ላይ ጫነ። ሙሐመድኑር ባጃጁ እስኪርቅ ጠብቆ «ነገ ማታም በደረሰለት» አለ፤ ያን ጊዜ የታመቀው ሳቅ ሁሉ በአንዴ ወጣ። ሀናን አልሳቀችም። ገና አልጠገበችም። ሰውየው አሁንም የቅሬ አባል ነው፤ አሁንም ሲሞት ሰው ሁሉ ወጥቶ ይቀብረዋል።

*

ጋሽ ሞላ የሞቱት ብርቱ ነፋስ መብራቱን በጣለበት ዕለት ማግስት ነው። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ሄዶ ነበር። ወፍጮው ቆሟል። ሀናን ጠዋት በር ልትከፍት ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ ዋይታ ሰማችና ሮጠች።

ግቢው ውስጥ ጥቂት የቅርብ ጎረቤቶች ነበሩ። አቶ ዓባይነህ ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ኔትወርክ የለም» አሉ። ከዚያ ሀናንን አዩአትና እጃቸውን አወረዱ። «ቢኖርስ ማን ሊሰማው? ያንቺ ወፍጮ ቤት ያልደረሰ ስልክ የለም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እትዬ ብዙዬ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ቀና አሉ። ምንም አልወቀሷትም።

«ሰው ጠፋ ሀናን» አሉ ብቻ። «ሞላዬም እንደ አባትሽ ሊሆን ነው።»

«አይሆንም» አለች ሀናን። «እኔ እዞራለሁ።»

ጋሽ ታደለ ተጠሩ። ጥሩንባቸውን ጠራርገው መጡ፤ ትንፋሻቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ከተማውን ሁሉ እንደማይችሉት ራሳቸው ተናገሩ። ስለዚህ ተከፋፈሉት። ታችኛው ሰፈር በጥሩንባ የጋሽ ታደለ ሆነ፤ ላይኛው ሰፈር በእግር የሀናን። ነፋሱ አሁንም ወደ ታች ይነፍስ ነበርና የጥሩንባው ድምፅ ወደ ላይ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል።

ልትወጣ ስትል እትዬ ብዙዬ እጇን ያዙ።

«ከሁሉ በፊት ለአበጋዝ ንገሪልኝ። ቃሬዛውን ከፊት የሚይዘው እሱ ነው። ሞላ ሲሞት የተናዘዘው ይሄን ነው። ቂሙን ለዛሬ ተዪልኝ፣ ልጄ።»

«እሺ እትዬ።»

እሺ ስትል የምሯን ነበር።

የመጀመሪያውን በር አንኳኩታ መርዶውን በጆሮ ነገረቻቸው። ሁለተኛው ቤት ያለች አሮጊት «ምን አልሽ? ጮኽ በይ እንጂ» አለቻት። በየበሩ ቆሞ መንሾካሾክ እስከ ማታ እንደማያደርሳት ገባት። መንገዱ መሐል ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«የቅሬ ሰው!» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደገመችው። «የቅሬ ሰው፣ ጋሽ ሞላ አርፈዋል! ዶማ ያለህ በዶማ፣ አካፋ ያለህ በአካፋ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

በሮች ተከፈቱ። ሰዎች መጀመሪያ የወጡት ማን እንደሚጮኽ ለማየት ነው። ዝም የምትለዋ የወፍጮ ቤት ልጅ መሆኗን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ፤ ቀጥሎ ዶማቸውን ያዙ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመስልሽ አላት፤ ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ አጥር ዘሎ ጓሮ የሚገባ ሆኗል። በአንድ ቤት ኢና ሊላሂ ሲሉ በሌላው በስመ አብ ይላሉ፤ ሁለቱም ይወጣሉ። የአበጋዝ ቤት ከመናኸሪያው በላይ ባለው የመጨረሻ መንገድ ነበር። ወደዚያ ስትታጠፍ ከመንደሩ ሰዎች አንዱ «ለአበጋዝ ተነግሮታል?» ብሎ ጠየቃት።

«ወደ እሱ እየሄድኩ ነው። እናንተ ቀጥታ ሂዱ፤ መቃብሩ ቆፋሪ ይፈልጋል።»

ሰዎቹ ሄዱ። መንገዱ ባዶ ሆነ።

በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የትንሽ ጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። አበጋዝ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ጩኸቷን ያልሰማው ለዚህ ነው። በሩን በኃይል መደብደብ ያስፈልጋል። እጇን አነሣች።

እጇ ተነሥቶ ሳለ የመናኸሪያው ጎረምሳ ትዝ አላት። በአባቷ በር ላይ እንዲህ ነበር የቆመው። ማን ይባላሉ ነበር ያላት። እሷም የአባቷን ስም ለማያውቃቸው ሰው፣ ሊቀብራቸው ለመጣ ሰው፣ ከነአያታቸው ነግራዋለች። አበጋዝ ከዚህ በር ኋላ ተቀምጦ ያንኑ ነገር መልሶ እየጠገነ ነው። ነገ ኔትወርክ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይቀንሰዋል፣ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይጨምረዋል። ዛሬ ግን የክርስትና አባቱን ቃሬዛ ከፊት ተሸክሞ፣ እያለቀሰ፣ በሰው መሐል ያልፋል፤ ሰዉም «አብሽር» ይለዋል።

ጄኔሬተሩ ይንቀጠቀጣል። ሀናን እጇን አወረደች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና እግሯን እንደ ሌባ ቀስ አድርጋ አለፈች።

*

የጋሽ ሞላን ቀብር ያየ ያወራዋል። ከመቃብሩ ይልቅ ዶማው በዝቶ ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ሙስሊሞቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው ጠበቁ፤ ታችኛው ሰፈርም ላይኛውም አልቀረም። ቃሬዛው ሲነሣ እትዬ ብዙዬ ዓይናቸው ሰው ይፈልግ ነበር። «አበጋዝስ?» እያሉ ጠየቁ። ሀናን ራቅ ብላ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። የፊቱን እጀታ ሌላ ሰው ያዘው።

ከቀብር መልስ ሰዉ ከዛፉ ሥር ተቀመጠና ስም ተጠራ። «አበጋዝ» ሲባል መልስ የለም። አቶ ዓባይነህ ደገሙት።

«በነፃው ይሆናላ» አለ ሙሐመድኑር ከኋላ። «ነገ ይደርሰዋል።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው ግን ተቆጣ። የክርስትና አባቱን ያላነሣ ሰው በቅሬው ውስጥ ምን ይሠራል ተባለ። አንድ ሽማግሌ «ይሰረዝ» አሉ። ሌላው ደገመ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሀናን ቁጭ ብላ ሰማችው። ከአባቷ ሞት ወዲህ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ ጣዕሙም እንዳሰበችው ነበር።

አበጋዝ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ኔትወርኩ ተመልሶ፣ አቶ ዓባይነህ ጠዋት የጻፉትን መልዕክት አይቶ፣ በባዶ እግሩ ሊሆን ምንም ያልቀረው በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። ወደ መቃብሩ ሲጠጋ ተደፍኖ አየው። ወደ ሰዉ ዞረ።

«አልሰማሁም» አለ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ላይኛው ሰፈር በሙሉ ሰምቶ ወጥቷል» አሉ አቶ ዓባይነህ። «ያንተ ቤት ከሌላው ምን ይለያል?»

አበጋዝ ከቅጥሩ በር ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ሕፃን እያለቀሰ። የሚያባብለው ሰው አልቀረበም። ያን ጊዜ እትዬ ብዙዬ ተነሥተው ወደ ሴቶቹ መጡ። ሀናን ፊት ቆሙ።

«ነግረሽዋል አይደል?»

እዚያ ላይ አንዲት ቃል ብትል ያበቃ ነበር። ነግሬዋለሁ ብትል ያምኗታል፤ ያሳደጓት ናቸው። አበጋዝ ይሰረዛል። ማንም አላየም፤ ከጄኔሬተሩ በቀር ምስክር የለም። ሀናን እትዬ ብዙዬን አየቻቸው። ለቅሶ ዓይናቸውን አጥብቦታል። በሕይወቷ ሙሉ ለእኚህ ሴት ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ ጠዋት እሺ ያለቻቸውም ውሸት አልነበረም፣ በሩ ላይ እስክትደርስ።

ተነሣች። የጠዋቱ ድምፅዋ አብሯት ነበር፤ ሁሉም ሰማው።

«አልነገርኩትም። በሩ ድረስ ሄጄ፣ መኖሩን አውቄ፣ ተመለስኩ።»

ሙሐመድኑር ከኋላ ተነሥቶ ቆመ።

«ለምን?» አሉ እትዬ ብዙዬ።

«የአባቴን መቃብር የቆፈሩት ስማቸውን ከእኔ የጠየቁ ሰዎች ናቸው» አለች ሀናን። «እሱም አንድ ቀን ይቅርበት ብዬ ነው። አይጸጽተኝም።»

እትዬ ብዙዬ ተናገሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ለእሱ የቀረበት አንድ ቀን ነው። ለሞላዬ ግን ሌላ ቀን የለውም።»

ይህን ብለው ሄዱና ከአበጋዝ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቅሬው በዚያው ሸንጎ ሦስት ነገር ወሰነ። ጥሩንባው ይመለሳል፤ ለጋሽ ታደለም የሚያግዛቸው ወጣት ይመደባል። «ቅሬ በእጄ» ከዛሬ ጀምሮ በቅሬው አይታወቅም። አበጋዝ አይሰረዝም፤ መልዕክት ተቀብላ ያላደረሰችው ሀናን ግን ትቀጣለች። ሀናን ቅጣቱን ሳትከራከር እዚያው ከፈለች። አበጋዝ ጥቂት ቆይቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ደሴ ሄደ። በከተማው ውስጥ አፑ ያለበት አንድም ስልክ አልቀረም።

የፈለገችው በሙሉ ሆነላት ማለት ይቻላል። ሰዉም በፊት ካከበራት ይልቅ አከበራት፤ ምናልባት ጥቂት ፈራት። ወፍጮ ቤት ውስጥ ተራ ሲጣላ «ቆይ ሀናን ትናገር» ይባላል፤ ስትናገርም ዝም ይላል።

አንድ ቅዳሜ በር ላይ ቆማ ማዳበሪያ ስታራግፍ እትዬ ብዙዬ በመንገዱ ሲመጡ አየቻቸው። አህያቸው ገብስ ተጭኗል። ሀናን ማዳበሪያውን ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እትዬ ብዙዬ ወፍጮ ቤቱ ፊት ሲደርሱ አልቆሙም። ወደ ታች፣ ሌላኛው ወፍጮ ወዳለበት መንገድ ነው የያዙት። እዚያ ለመድረስ ቁልቁለቱን ወርዶ መውጣት አለ፤ ጉልበታቸው ደግሞ ታማሚ ነው።

«እትዬ ብዙዬ!» ብላ ጠራቻቸው።

መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ከማዶ ሱቁ ያለው ሰውዬም አንገቱን አወጣ። እትዬ ብዙዬ አህያዋን በበትር ጫፍ ቸብ አደረጓትና ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ሀናን እስኪሰወሩ ድረስ ቆመች። ከውስጥ አንዲት ሴት «ስንዴዬ እያለቀ ነው» አለቻት። ገባች።